ዘይቤን ለልጆች፦ ጨዋታው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል

አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ሲያዝናኑና ሲያስተምሩ፣ ሰላምታቸውን የሚያጅቡበት አንድ የታወቀ አጠራር ነበራቸው። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሏቸው ነበር። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ «እኔ ሰው እንጂ አበባ አይደለሁም» ብሎ አልተከራከረም። ነገሩ ገብቶታል። ፊደል ያልቆጠረው ሕፃን ሳይቀር ገና በማደግ ላይ እንዳለ፣ ነገ የሚጠበቅበት ነገር እንዳለም ከሁለት ቃላት ተረድቷል። ይኸው ልጅ ግን 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ደርሶ «ተለዋጭ ዘይቤ ምንድን ነው?» ሲባል ግራ ይገባዋል። ደብተሩ ላይ የገለበጠውን ትርጓሜ በቃሉ ይወጣል፤ ምሳሌ አምጣ ሲሉት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ያንኑ መልሶ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።

በቤቱ በዘይቤ ሲስቅ፣ ሲቆጣና ሲለምን የሚውል ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ነካው? ጥፋቱ ከልጁ የሚመጣ አይመስለኝም። ትምህርቱ የሚጀምረው ከጫፉ ነው። መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ ትርጓሜውን፣ ከዚያ ሁለት ምሳሌ፣ በመጨረሻም «ከሚከተሉት ውስጥ ሰውኛ ዘይቤ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ እናስከትላለን። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አለብን፤ ልጁ በመጀመሪያ ይጫወት፣ ቀጥሎ ይፍጠር፣ ስሙን በመጨረሻ ይወቅ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጠመኔ፣ ወረቀትና የልጆቹ አፍ ይበቃሉ።

ልጆች ባዶ እጃቸውን አይመጡም

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሃዋርድ ጋርድነርና ኤለን ዊነር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጆች ዘይቤን እንዴት እንደሚፈጥሩና እንደሚረዱ አጥንተዋል። ዊነር በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍም ልጆች ስለ ተለዋጭ ዘይቤና ስለ ምጸት ያላቸውን ግንዛቤ የሚመረምር ነው። ከሥራዎቻቸው የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ማንም ሳያስተምራቸው ነገርን ከነገር እያመሳሰሉ በድፍረት ይሰይማሉ። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ግን ይህ ልማድ ይቀንሳል። ልጁ ቃላት «ትክክለኛ» ፍቺ እንዳላቸው ሲማር፣ ከፍቺው መውጣት ስህተት እየመሰለው ይጠነቀቃል። የእኛ የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ልጁን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ድፍረቱን ይመልስለታል፣ ወይ ጨርሶ ይቀብረዋል።

ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያሳዩት ሌላ ጉዳይ አለ። ዘይቤ የገጣሚ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሰው በየዕለቱ የሚያስብበት መንገድ ነው ይላሉ። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከአማርኛ መውጣት አያስፈልገንም። በእኛ ዘንድ ሐሳብ እንደ ምግብ ነው፤ ይብላላል፣ ይበስላል፣ ሳይበስል ከቀረበ አይዋጥልንም። ኑሮ ይከብዳል። ወሬ ይነፍሳል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ልጁ ይህን ሁሉ ሳያውቀው ይጠቀምበታል። የመምህሩ ሥራ ያለውን ማሳየት ነው፤ ከየትም አምጥቶ መጨመር አይጠበቅበትም።

ወረቀቱን ለሁለት ማጠፍ

ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ልጆች ከሥዕል የተሻለ መግቢያ የለም። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት ለሁለት ያጥፍ። በግራው ገጽ ፈሊጣዊ አነጋገሩን ቃል በቃል ይሳለው፤ በቀኙ ትክክለኛ መልእክቱን ይሳል። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የደረሰው ልጅ በግራ በኩል በቆዳ የተጀቦነ ጆሮ ይሥላል፤ በቀኝ በኩል እናቱ እየጠራችው ሰምቶ እንዳልሰማ ኳሱን የሚያንከባልል ልጅ ይሥላል። «እግሬ አውጪኝ» የደረሳት ልጅ እግሩን የሚለማመጥ ሰው፣ ከጎኑም ውሻ ያባረረው ሯጭ ትሥላለች። «ዓይኑን በጨው የታጠበ»፣ «እጁ አመድ አፋሽ»፣ «ሆደ ሰፊ» ሁሉም ለሥዕል የተፈጠሩ ይመስላሉ።

በዚህ ሥራ መካከል ልጁ የሚያስተውለው ነገር ከሥዕሉ ይበልጣል። ግራና ቀኙን ሲያስተያይ የሚያገናኛቸውን ድልድይ ይፈልጋል። አመድ ማፈስ ለምን ምስጋና የማጣት ምልክት ሆነ? አመድ ቢያፍሱት እጅ ላይ የሚቀር ጥቅም ስለሌለው ነው። ብዙ ደክሞ ምስጋና ያላገኘ ሰው እጁን ከፍቶ ሲያይ የሚያገኘው አመድ ብቻ ነው። ልጁ ይህን በራሱ አፍ ሲያብራራ የፈሊጡን ፍቺ ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ተማረ ማለት ነው።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ደራሲዋ ፔጊ ፓሪሽ የፈጠሯት አሚሊያ ቤዴሊያ የተባለች የቤት ሠራተኛ ለዚህ ትምህርት ትጠቅማለች። በ1963 እ.ኤ.አ. በታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ዶሮውን ለምግብ አሰናጂ ስትባል ልብስ ሰፍታ ታለብሰዋለች፤ በእንግሊዝኛ ለሁለቱም ሥራ የሚያገለግለው ግስ አንድ ነውና። የእኛ ልጆች የራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ቢፈጥሩስ? የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል የሚያደርግ አንድ ልጅ ይኑር። «ወተቱ ላይ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ሲሉት፣ «ጆሮህን ስጠኝ» ሲሉት፣ «እግርህን አንሳ» ሲሉት ምን ያደርጋል? አራት አራት ሆነው በቡድን ይጻፉት፤ ከዚያም ሰሌዳው ፊት ወጥተው ይተውኑት። በሳቁ መካከል ሁለቱ ፍቺዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

እንቆቅልሽ፦ የተሸፈነ ንጽጽር

ለዘይቤ ትምህርት ከእንቆቅልሽ የበለጠ የተዘጋጀ ሀብት በእጃችን የለም። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» በሚል ምልልስ የሚከፈተው ጨዋታ ልጁን ገና ከመጀመሪያው ቃል ንቁ ያደርገዋል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» የሚለውን ስንጠይቅ ውሃን መንገደኛ አድርገን ስሙን ደብቀናል። መልሱን የሚያገኘው ልጅ የንጽጽሩን ሌላ ግማሽ አገኘ ማለት ነው።

ብዙ መምህራን እንቆቅልሽ ሲያስጠይቁ አይቻለሁ፤ ሲያስፈጥሩ ግን እምብዛም አላየሁም። ማስፈጠሩ ደግሞ ከባድ አይደለም። ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች አንዱን ይምረጡና ሦስት ጥያቄ ይመልሱ። ዕቃው ምን ይሠራል? መጨረሻው ምን ይሆናል? እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሌላ ማን ነው? ጠመኔን የመረጠ ቡድን እንዲህ ሊያስብ ይችላል፦ ይጽፋል፤ እየጻፈ ያልቃል፤ ዘሪ ይመስላል። ከዚያም «በጥቁር እርሻ ላይ ነጭ ዘር ሲዘራ ራሱ የሚያልቅ» የሚል እንቆቅልሽ ይወጣዋል። ላጲስን የመረጠው ደግሞ «የሰው ስህተት ሲያጠፋ ዕድሜው የሚያጥር» ይላል። ደወሉን ያየው «ምላስ አለው፣ ካልመቱት አይናገርም» ይላል።

መልሱ ያልተገኘለት ቡድን እንደ ወጉ «አገር ስጡኝ» ይበል። የአገር መስጠቱ ሥርዓትም ለትምህርት ይሆናል። ሐረርን የሰጠ ቡድን ሐረር በየት በኩል እንደሆነች ካርታው ላይ ያሳይ። አንድ ክፍለ ጊዜ ቋንቋንም ጂኦግራፊንም ያስተናግዳል።

ከ«እንደ» ወደ ተለዋጭ

ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን ልጆች ያምታቷቸዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ተርጉሞ ከማስቀመጥ አንዱን ወደ ሌላው ማሸጋገር ይሻላል። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ትጻፍ፦

አያቴ እንደ ዋርካ ናት።

አያቴ ዋርካ ናት።

ከአያቴ ጥላ ሥር አድገናል።

በመጀመሪያው «እንደ» ሁለቱን ነገሮች አራርቆ ያስተያያል። በሁለተኛው «እንደ» ወጣና አያትና ዋርካ አንድ ሆኑ። በሦስተኛው ዋርካ የሚለው ቃል እንኳ የለም፤ ግን ጥላው አለ። ልጆቹ የራሳቸውን ሰው መርጠው በእነዚህ ሦስት ደረጃዎች ይውረዱ። አንዷ ወንድሟን ከባጃጅ ጀምራ «በየቀዳዳው ይሹለከለካል» ላይ ትደርስ ይሆናል። ስሞቹን መጥራት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። «የመጀመሪያውን መስመር የቋንቋ ባለሙያዎች ተነጻጻሪ ይሉታል፣ ሁለተኛውን ተለዋጭ» ብላ መምህሯ ስትናገር፣ ስሙ ልጆቹ አስቀድመው ለሚያውቁት ነገር የተሰጠ ስለሚሆን አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ማውጣት ይጠቅማል። እንደ ማር ጣፋጭ፣ እንደ አንበሳ ጀግና፣ እንደ ወተት ነጭ የሚሉት ለዛሬ ዕረፍት ያድርጉ። ልጁ ከሚኖርበት አካባቢ ያምጣ። የአፋር ልጅ ጨውና ግመል ያውቃል፤ የባሕር ዳር ልጅ ታንኳና ጣና ያውቃል፤ የአዲስ አበባ ልጅ የታክሲ ሰልፍና የኮንዶሚኒየም ደረጃ ያውቃል። ጥሩ ንጽጽር የሚወለደው ዓይን በትክክል ካየው ነገር ነው።

መብራት የት ሄዳ ነበር?

ሰውኛ ዘይቤን ለማስተማር ሁሉም ልጅ የሚያውቀውን አንድ ጊዜ ማንሳት ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ «መጣች!» ብሎ ይጮኻል። ታዲያ የት ሄዳ ነበር? ማን ጋ አመሸች? ለምን አኩርፋ ወጣች? ልጆቹ መብራትን ሆነው ለሰፈሩ ሕዝብ ማስረዳት አለባቸው። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዷ መብራት ሆና ትመልስ። ቧንቧውም ይናገር፤ እግሩ የተሰበረው ዴስክም አቤቱታ ያቅርብ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ይኑር፦ የሚናገረው ዕቃ ከእውነተኛ ኑሮው ይናገር። «ዴስኩ አዘነ» አይበቃም። ማን ስሙን እንደቀረጸበት፣ ስንት ልጅ እንደተሸከመ፣ የትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ይንገረን።

ይኸው መብራት ለሌላ ጨዋታም ይመቻል። ቦግ አለ፣ ጭል ጭል አለ፣ ድርግም አለ፣ እልም አለ። አንዱ ልጅ በእጁና በፊቱ ያሳያል፤ ሌሎቹ ትክክለኛውን ቃል ይፈልጋሉ። አማርኛ በእንዲህ ያሉ ቃላት የታደለ ቋንቋ ነው፤ ከንግግር ወደ ጽሑፍ ሲገቡ ግን ልጆች ይጥሏቸዋል፤ ለድርሰት የማይገቡ ይመስሏቸዋልና። መምህሩ «ይህን ጻፈው፣ ያምራል» ቢል ብዙ ይመልሳል።

ግነትም የራሱ ጨዋታ አለው። «በጣም ርቦኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው እያሳለፉ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው አስበልጦ ይናገር። «ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ» ካለው ተነስተው በሬውን ከነቀንዱ እስከሚበላው ይደርሳሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳ፦ ይህ ውሸት ነው? አይደለም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ልኩን ያውቃሉና። ውሸታም እንዲታመን ይፈልጋል፤ የሚያገንን ሰው ግን እንዲሰማ ብቻ ይፈልጋል። ለ10 ዓመት ልጅ ይህ ልዩነት ከቋንቋም አልፎ ለሥነ ምግባር ይጠቅማል።

ምሳሌያዊ አነጋገር በክርክር፣ ሰምና ወርቅ በጥቂቱ

ምሳሌያዊ አነጋገርን ማስጠናት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ማከራከር ግን ሌላ ነገር ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ለአንዱ ቡድን፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» ለሌላው ይሰጥ። አንዱ መታገሥን፣ ሌላው መፍጠንን ይመክራል። ከዚያም መምህሩ እውነተኛ ሁኔታዎችን ይጥራ፦ ወንድምህ ትኩሳት ይዞታል፤ ፈተናው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ጓደኛሽ ስለ አንቺ ክፉ እንዳወራች ሰማሽ። የትኛው አባባል ለየትኛው ይሆናል? ልጆቹ አባባል ሁሉ ጊዜና ቦታ እንዳለው ያያሉ። አባቶች በሽምግልና ላይ ምሳሌ መርጠው የሚጥሉት በዚህ ዕውቀት ነው።

ሰምና ወርቅ የቅኔ ቤት ጥልቅ ትምህርት ስለሆነ በሕፃናት ላይ አንጭነው። ደጁን ማሳየት ግን ይቻላል። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ አንድ አጻጻፍ ሁለት ቃል ይሆናል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ሰፊ» ሲላላ መርፌና ክር የያዘ ባለሙያ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። የ6ኛ ክፍል ልጆች «ሁለቱም ፍቺ የሚሠራበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ቢባሉ፣ ኅብረ ቃልን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጃቸው ይማራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታዎች ከዚህ በኋላ ቢነገሯቸው ለምን እንደሚያስቁ ይገባቸዋል።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በርካታ የአገራችን ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየተማሩ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይወስዳሉ። በዋሽንግተን አካባቢ በሳምንት መጨረሻ አማርኛ የሚማሩ፣ በእስራኤል ከአያታቸው ጋር በአማርኛ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በዕብራይስጥ የሚነጋገሩ ልጆችም አሉ። ለእነዚህ ሁሉ ፈሊጥ ከባዱ ክፍል ነው። እያንዳንዱን ቃል ያውቁታል፣ ሲገጣጠም ግን ይጠፋቸዋል። «ሆዴ ባባ» የሚለውን ሰምቶ የሆድ ሕመም የመሰለው ልጅ አይሳቅበት፤ በሚያውቀው ቃል ማሰቡ ነው።

ለእንዲህ ያለ ክፍል የሚበጀው ልጆቹ የቤታቸውን አባባል ይዘው እንዲመጡ ማድረግ ነው። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በእንግሊዝኛ ትዕግሥተኛን ሰው ምን ይሉታል? አማርኛ «ሆደ ሰፊ» ሲል የእናንተስ? አንዱ ሆድን፣ ሌላው ልብን፣ ሌላው ሌላ ነገር ያመጣል። ልጁ ቋንቋው እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ስንቅ ሲቆጠርለት ያያል፤ አማርኛውንም ይወዳል።

«ማንበብ ላልቻለ ልጅ ዘይቤ ምን ያደርግለታል?»

ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። በ2010 እ.ኤ.አ. በስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደተሳናቸው አሳይቶ ነበር። በአንድ ክፍል ከ50 በላይ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ጊዜውን ለፊደልና ለንባብ ቢሰጥ ማን ይወቅሰዋል?

ግን ዘይቤ ከንባብ የሚቀማ ነገር አይደለም። ከላይ ያየናቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ የቃል ናቸው፤ ማንበብ ያልቻለውም ልጅ እንቆቅልሽ ይፈጥራል፣ መብራትን ሆኖ ይናገራል። የፈጠራትን እንቆቅልሽ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍለት ደግሞ ሊያነባት ይጓጓል፤ የራሱ ናትና። ማንበብ የቻለውም ቢሆን ከቃል በስተጀርባ ያለውን ካልተረዳ፣ ተረቱን ጮክ ብሎ አንብቦ መልእክቱን ሳያገኝ ይዘጋዋል። የክፍሉ ብዛትም ቢሆን ለቡድን ጨዋታ መሰናክል አይሆንም፤ እንቆቅልሽ ድሮም የብዙ ሰው ጨዋታ ነው።

እውነተኛው መሰናክል ያለው ፈተናው ላይ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የዘይቤ ስም ብቻ እስከጠየቀ ድረስ መምህሩ ስም ብቻ ያስጠናል፤ አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን ሊለወጥ ይችላል። «ዝናብ የሚለውን ቃል ሳትጠቀም ክረምት መግባቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገረን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ማረሚያው ይከብዳል የሚል ካለ፣ ምርጫ ውስጥም ቢሆን «ይህ አባባል ለየትኛው ሁኔታ ይስማማል?» ብሎ ማስተዋልን መለካት አያቅትም።

ስለዚህ ለሦስት ወገን አቤት እላለሁ። ፈተና አዘጋጆች፣ ከስም ይልቅ ማስተዋልን ጠይቁ። መምህራን፣ በሳምንት ከአማርኛ ክፍለ ጊዜያችሁ 15 ደቂቃ ለፈጠራ ስጡ፤ የዘይቤውን ስም ልጆቹ ከተጫወቱ በኋላ አስተዋውቋቸው። ወላጆችና አያቶች፣ ልጁ «ፈሊጥ አምጡ ተብለናል» ብሎ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አጫውቱት፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈው እናንተ ዘንድ ነው። ቋንቋችን ያወረሰንን ይህን ሀብት ልጆቻችን የፈተና መልስ ብቻ አድርገው እንዲያውቁት መፍቀድ የለብንም።